የጥቅምት ባለተራ

አባባ ሽመክት ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ሰውነታቸውን መቁጠር ነው። አልጋቸው ላይ ቁጭ ይሉና ከላይ ጀምረው ወደ ታች እየወረዱ ያመሰግናሉ። "ዓይኔ፣ አንዱ ያያል፤ ተመስገን። ጆሮዬ፣ የቀኙ ይሰማል፤ ተመስገን። ጥርሴ፣ አራት አለኝ፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች፣ ደግነቱ ይገጣጠማሉ፤ ተመስገን።" እንዲህ እንዲህ እያሉ ጉልበታቸው ጋ ይደርሳሉ። እዚያ ላይ ግን ነገር ይመጣል። ከቀኝ ጉልበታቸው ጋር ከተኳረፉ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። "አንተን እንኳ በትናንቱ ሥራህ አላመሰግንህም" ይሉትና ወደ እግር ጣታቸው ያልፋሉ።

ዘጠና ሦስት ዓመታቸው ነው። እሳቸውን ከጠየቃችሁ ግን ገና ልጅ ናቸው። "ጻድቁ አቦ አምስት መቶ ስድሳ ሁለት ዓመት ኖረው የለ እንዴ! በሳቸው ስሌት እኔ ገና ዳዴ እላለሁ" ይሏችኋል። ጉልበት ከዳቸው እንጂ ምላሳቸው አንድ ቀን አርጅቶ አያውቅም።

ሰውዬው አናጢ ነበሩ። ኮልፌ ውስጥ የስንቱን ቤት ጣሪያ መትተዋል። ሚስታቸው ባረፉ በዓመቱ ልጃቸው በዛብሽ "ብቻህንማ አትቀመጥም" ብላ ጁባ አመጣቻቸው፤ ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሆነ። በዛብሽ ሸሪካት የሚባል ሰፈር ላይ፣ ከነጭ ዓባይ ድልድይ ብዙም ሳይርቅ፣ ስምንት ክፍል ያለው ማረፊያና ምሳ ሰዓት ላይ መቀመጫ የሚጠፋበት ምግብ ቤት አላት። ባሏ ከሞተ ቆየ፤ ልጅም አልወለደች። ያላት አባቷ ናቸው። ጓሮ ያለውን፣ የማንጎ ዛፍ የሚያጠላበትን ክፍል ሰጥታ አስቀምጣቸዋለች። አጥሚቱ በሰዓቱ፣ ክኒኑ በሰዓቱ፤ ጄኔሬተር ሲነሳ የመጀመሪያው ፋን የሚዞረው እሳቸው ክፍል ነው። ኧረ ጫማቸውን ሳይቀር የምታስርላቸው እሷ ናት! ሰው ደግ ሲሆን መጠን አያውቅም፤ ሁሉም ነገር የመጣው ከዚሁ ነው።

ጁባ ያሉ አበሾች የአቦ ማኅበር አላቸው። አባላቱ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን በየተራ ይደግሳሉ። ባለተራው ዳቦውን አስጋግሮ፣ ጠላውን አስጠምቆ ማኅበርተኛውን በገዛ እጁ ያስተናግዳል። መጨረሻ ላይ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ ለሚቀጥለው ወር ባለተራ ይሰጣል። ተቀባዩ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ሰው ሁሉ "በሰላም ያድርስህ" ይለዋል፣ ጽዋውም እቤቱ ይሰነብታል። ከአባላቱ አንዱ የሞተ እንደሆነ ቦታው ለልጁ ይተላለፋል። የአባባ ሽመክት ወር ጥቅምት ናት። አሥራ ሦስት ጥቅምት ደግሰዋል፤ ከተማው በተኩስ በተናወጠበት ዓመት እንኳ አንድ ዳቦ ለአራት ሰው ቆርሰው ተራቸውን ተወጥተዋል።

በመስከረም አምስት የደገሰችው እዚያው ሸሪካት ያለችው ሒሩት ነበረች። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ቄሱ ጸሎቱን አደረሱ። ጽዋው ሊሰጥ ሲል አባባ ሽመክት ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተነሱ። ለመነሳቱ ብቻ ስንት ትንፋሽ እንደከፈሉ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። ሙሴው፣ የማኅበሩ አለቃ መሆኑ ነው፣ ጫኔ ይባላል፤ ከተማ ውስጥ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ ያለው፣ ሃምሳውን ያለፈ ደህና ሰው ነው። ጽዋውን አንስቶ "የጥቅምት ባለተራ፣ ወይዘሮ በዛብሽ ሽመክት!" ብሎ ተጣራ።

ጽዋው በተዘረጉት እጆች አጠገብ አልፎ ሄደ። በዛብሽ ተነስታ ተቀበለች።

"አባባ፣ እርስዎ ደክመዋል" አለ ጫኔ ፊቱ እየበራ። "ከእንግዲህ በዛብሽ ትተካዎታለች። እርስዎ ቁጭ ብለው መመረቅ ብቻ ነው!"

ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። አጨበጨበ እኮ ነው የምላችሁ! አባባ ሽመክት እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ነጠላቸውን ያስተካከሉ መስለው ቁጭ አሉ።

በማግስቱ ጠዋት አልጋቸው ላይ ተቀመጡ፤ ከዓይናቸው ግን አልጀመሩም። በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው፤ በሦስተኛውም። በዛብሽ አጥሚቱን ይዛ ስትገባ ግራ ገባት።

"አባዬ፣ አሞሃል እንዴ?"

"ደህና ነኝ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

"ደክሞኛል አይደል የተባለው።"

የቀልዳቸው መስሏት ሳቀች፤ ትራሳቸውን አስተካክላ ወጣች።

ጎረቤታቸው ኛላም ግን ሞኝ አይደለችም። ኢታንግ ስደተኞች ሰፈር አድጋ፣ ጋምቤላ ተምራ ወደ አገሯ የተመለሰች፣ ሸሪካት ገበያ ላይ የተጠበሰ ደረቅ ዓሣ የምትሸጥ ዘንካታ ሴት ናት። አማርኛዋ ልቅም ያለ ነው፤ "እርስዎ" የምትባለዋን ብቻ አታውቃትም፤ ለቄሱም "አንተ" ነው የምትለው። አባባ ሽመክት ይህን ይወዱላታል። ገበያ ከመሄዷ በፊት ቅርጫቷን እፊታቸው ታስቀምጣለች፣ እሳቸው "ቀንሽ ይቅና፣ እጅሽ አይጠር" ብለው ይመርቋታል፣ ትሄዳለች። ስንት ዓመት ሙሉ የኖረ ነገር ነው።

በአራተኛው ቀን ቅርጫቷን አስቀምጣ ብትጠብቅ ምርቃት የለም።

"እኔ ተተክቻለሁ" አሏት። "ከእንግዲህ በዛብሽን አስመርቂ።"

"ምን ማለት ነው? ማን ሞተ?"

"እኔ ነኛ።"

ከዚያ በኋላ ሆድ ብሷቸው ነበርና አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት። ኛላም ሰምታ ስትጨርስ አላጽናናቻቸውም። ተቆጣች።

"እና ዝም አልክ?"

"ምን ላድርግ?"

"የኔ አባት ሲናደድ መንገድ ላይ ወጥቶ ይቆም ነበር። ሰው ያየዋል፣ ምን ሆንክ ይለዋል፣ ነገሩ ያልቃል። አንተ አልጋ ላይ ሆነህ ትናደዳለህ። አልጋህ ይታረቅህ? ጫማህን አድርግ፣ ጫኔ ጋ እንሄዳለን።"

ጫማ ማሰር ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። ኛላም አላገዘቻቸውም፤ የዓሣዋን ዝንብ እያባረረች ቁጭ ብላ ጠበቀች። በዛብሽ ማጀት ነበረችና አላየቻቸውም። እበር ላይ ኛላም ባለሦስት እግሩን ሮክሻ አስቁማ በጁባ ዐረብኛ ከሾፌሩ ጋር ተጨቃጨቀች፤ ሾፌሩም አዛውንቱን ሲያይ "ጂዱ፣ ጂዱ" እያለ፣ አያቴ ማለቱ ነው፣ ብብታቸውን ይዞ አሳፈራቸው። ድልድዩን ከፋሲካ ወዲህ አልተሻገሩትም ነበር። መስከረም ነውና ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ ሣር ተሸክሞ፣ ወደ ወደቡ ይወርዳል። "ተመስገን" ሊሉ አፋቸው ጫፍ ላይ ደረሰና ዋጡት። ኩርፊያ ነው እንግዲህ፤ ከተጀመረ አይቀር!

ጫኔ ሱቁ በር ላይ ሲያያቸው የያዘው ቆርቆሮ ሊያመልጠው ነበር።

"አባባ! ምነው፣ በደህና?"

"የማኅበሩን ደብተር አምጣው።"

አመጣው። መነጽራቸውን አድርገው ያንን አንዱን ዓይናቸውን ወረቀቱ ላይ ተከሉ። አሥራ ሁለት ስም በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። ሦስቱ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ቀይ መስመር አለ።

"በድሉን ለምን ሰረዝከው?"

"አረፈ እኮ፣ አባባ። ልጁ ተተካ።"

"አስረሳሽንስ?"

"እሷም... እርስዎም ቀብሯ ላይ ነበሩ።"

"ነበርኩ። ለሁለቱም አፈር አልብሻለሁ።" ጣታቸውን ሦስተኛው ቀይ መስመር ላይ አሳረፉ። "የዚህኛውን ቀብር ግን አላየሁም። ምነው ሳትጠሩኝ ቀበራችሁት?"

ጫኔ ላብ አጠመቀው። የተሰረዘው የገዛ ስማቸው ነበር፤ ከበላዩም "በዛብሽ" የሚል ተጽፏል።

"አባባ፣ በአቦ ይዤዎታለሁ፣ ክፋት አስበን አይደለም።"

"ክፋትማ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ክፉን ሰው ሰድቤው እገላገላለሁ። ደግን ሰው ምን ይሉታል?" ምስማር የታሸገበት ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ። "ስማኝ፣ ልጄ። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ስቀበል ነው የምውለው። ያበሉኛል፣ ያጠጡኛል፣ ያለብሱኛል። መቀበል ደስ ይላል፣ አላማርርም። ሦስት መቶ ስልሳ አራት ቀን እግዜርን በአፌ አመሰግነዋለሁ። በእጄ የማመሰግነው ግን ጥቅምት አምስት ቀን ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ሰው በኔ እጅ ጠግቦ ሲወጣ ያን ቀን ሰው ነኝ። እሷን አንዲቷን ቀን ነው የወሰድክብኝ።"

ጫኔ ደብተሩን ዘጋው። "ቢወድቁስ?" አለ። "አምና የሆነውን ረሱት? ማን ይጠየቃል?"

"እኔ" አለች ኛላም።

"አንቺማ አባል አይደለሽም። ኦርቶዶክስም አይደለሽ።"

"ሲወድቅ ለማንሳት ኦርቶዶክስ መሆን ያስፈልጋል?"

ጫኔ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ከዚያ ግን ኮስተር አለ። "አባባ፣ ልዋሽዎት አልችልም። ጽዋ ከተቀበለ ሰው እጅ አይነጠቅም፤ ደንባችንን ያውቁታል። እሷ በፈቃዷ ካልመለሰች እኔ ምንም አላደርግም። ደግሞ ሐሳቡም የኔ አይደለም። መጥታ አልቅሳ የለመነችኝ በዛብሽ ናት።"

አባባ ሽመክት ይህን አልጠበቁም። ጫኔ መስሏቸው ነበር። በሌላ ሮክሻ ድልድዩን መልሰው ሲሻገሩ ወንዙን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

ሸሪካት ሲደርሱ ግቢው ተተራምሶ ጠበቃቸው። በዛብሽ ባዶውን አልጋ አይታ አስተናጋጆቹን በየአቅጣጫው አሰማርታለች፤ ነጠላዋ ወድቆ፣ እጇ ሊጥ እንደሆነ፣ በር ላይ ቆማለች።

"የት ጠፍተህ ነው? ወንዝ ወሰደህ ብዬ ልቤ ሊወጣ!"

"ግቢ፣ ልጄ። ቁጭ በይ።" አልጋቸው ጫፍ ላይ አስቀመጧት። "ጫኔን ለምነሽ ያሰረዝሽኝ አንቺ ነሽ?"

በዛብሽ አልካደችም። የስልሳ ዓመት ሴት፣ ስንቱን ሰካራም በአንድ ግልምጫ የምታስወጣ ሴት፣ እንደ ሕፃን ልጅ መሐረቧን ትጠቀልል ጀመር።

"አምና ማንቆርቆሪያውን ይዘህ ስትወድቅ አንተ ሳቅክ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ማጀት ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ ጠላው እስኪያልቅ ድረስ አልከፈትኩም። ዓመቱን ሙሉ ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። አንተ ከሄድክ እኔ ማን አለኝ? ቁጭ ካልክ አትወድቅም ብዬ ነው፣ አባዬ። ሌላ ምንም የለውም።"

አባባ ሽመክት ኩርፊያቸው እንደ ቅቤ ቀለጠ። ዓይናቸው ውኃ ሞላ፤ ደህነኛውም፣ የማያየውም።

"ቁጭ ያለ ሰው አይወድቅም፤ እውነትሽን ነው" አሏት። "ግን ይኸው አራት ቀን ቁጭ ብዬ አየሁት። አፌ እንኳ ተመስገን ለማለት ከበደው። የቱን ነው የምትመርጪው? ቁጭ ብዬ ብዙ ዓመት ብሰነብትልሽ ነው፣ ቆሜ አንድ ጥቅምት ብደግስልሽ?"

"ብዙውን" አለች በዛብሽ ሳታቅማማ። "ብዙውን ነው የምፈልገው። ለምን ልዋሽህ?"

"እኔም!" አሉና ከት ብለው ሳቁ። "እኔም ብዙውን ነው የምፈልገው፤ ሆዳም ነኝ። ግን እዚያ ላይ ጥቅምቴንም እፈልጋለሁ። ሁለቱንም እንለምነው፤ እሱ እንደሆነ ከመስጠት አይደክምም።"

በዛብሽ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና ወጣች። ቆየች። ስትመለስ ጽዋውን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር። ለመስጠት እጇ እምቢ እያላት መሆኑ ያስታውቃል። አባቷ ተነሱ፤ እሷ ክንዷን ልትሰጣቸው ስትል በዓይናቸው ከለከሏት። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፣ ተቀበሉ።

"በሰላም ያድርስህ" አለች፣ ደንቡ ነውና።

በማግስቱ ጠዋት ከዓይናቸው ጀመሩ። ያመለጠውን የአራት ቀን ምስጋና ደርበው፣ ሳይቸኩሉ ወረዱ። ቀኝ ጉልበታቸው ጋ ሲደርሱ ትንሽ አሰቡ። "ድልድይ አሻግረህ መልሰኸኛል። ይሁን፤ ተመስገን" አሉት፣ ስድስት ዓመት የቆየው ቂምም በዚሁ አለቀ።

ቀኖቹ አጭር ሆኑባቸው። ጓሮ የተጣለ፣ እግሩ የሚወዛወዝ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ እንግዳ ይቀመጥበታል ብለው ማንጎው ሥር አስወጡት። ድሮ በግማሽ ሰዓት የሚጨርሱትን ሥራ አሁን በቀን አንድ ምስማር እየመቱ ያዙት። አንዳንዱ ቀን ምስማሩ ይጎብጣል፤ ያን ቀን ነቅለው ያቃኑታል፣ የሚመታው ለነገ ይተላለፋል። በዛብሽ በመስኮት እያየች ስንት ጊዜ አስተናጋጅ ልትልክ ተነስታ ስንት ጊዜ ተመለሰች! መዶሻው ሲያቆም ልቧ ይቆማል፤ ኳ ሲል ትተነፍሳለች። እሳቸው ደግሞ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ድካም ከደከሙ ስንት ዓመታቸው!

በሬ እንጣል ብላ ነበር። "ኤዲያ! ደጋሹ ማን ነው?" አሏት። "በሬ ጎትቼ የማመጣ ሰው ነኝ እንዴ? የምችለውን ነው የማበላው።" ዳቦ፣ ንፍሮና ጠላ ሆነ። ጠላውን እሷ ጠመቀች፤ እሳቸው በየቀኑ እየቀመሱ "ጌሾው አንሷል" በማለት አሰቃዩዋት።

ጥቅምት አምስት ማኅበርተኛው ማንጎው ሥር ተሰበሰበ። አግዳሚው ወንበር አራት ሰው ተቀመጠበት፤ ንቅንቅ አላለም። ኛላምም በዋስነቷ መጥታ፣ ጥግ ላይ በርጩማ ይዛ ንፍሮዋን ትቆረጥማለች። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ሲቆረስ አባባ ሽመክት በዛብሽን በገዛ ቤቷ እንግዶቹ መካከል አስቀመጧት። "ዛሬ ከዚህ ብትነሺ እረግምሻለሁ" አሏት። ማንቆርቆሪያውን ግማሽ ብቻ አስሞልተው ያዙና ለቄሱ ከቀዱ በኋላ ከመጀመሪያው ማኅበርተኛ ጀመሩ።

እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ከሚቀዳው የሚፈሰው ይበዛል። ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ለመሄድ ቆም ይላሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ "ጠጣ፣ ልጄ" ይላሉ፣ ይቀጥላሉ። ማንም አልተነሳም፤ ጫኔ አስቀድሞ አስጠንቅቋል። ወሬውም ቀስ እያለ ቆመና ሰው ሁሉ ያንን ማንቆርቆሪያ በዓይኑ ይከተል ጀመር። ዘጠነኛው ሰው ራሱ ጫኔ ነበር። እዚያ ሲደርሱ ያ የታረቁት ጉልበት ከዳቸው፤ ወደ ጎን ዘመም አሉ። በዛብሽ ግማሽ ተነሳች፣ አፏን ያዘች። አባባ ሽመክት ነፃውን እጃቸውን ጫኔ መላጣ ላይ ጣል አድርገው ቆሙ።

"ሙሴ ያደረግንህ ለዚህ ነው" አሉት።

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ጫኔ ራሱ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ ጭንቅላቱን ግን ቀጥ አድርጎ ያዘላቸው። ቀዱለት፣ አሥረኛው ጋ ሄዱ፣ አሥራ አንደኛው ጋ፣ ከዚያ ኛላም ጋ፣ በመጨረሻም በዛብሽ ጋ። አንድ ሰዓት ፈጀ። ቁጭ ሲሉ ነጠላቸው በጠላ ርሷል፤ ፊታቸውን ብታዩት የሠርጉ ዕለት ሙሽራ ነው የምትሉት።

ጽዋውን የኅዳር ባለተራዋ አምለሰት ተቀበለች። ቄሱ ቆመው "ለከርሞ በሰላም ያድርስዎ" ብለው መረቁ፤ ሰዉም አሜን አለ።

"ቆይ፣ ቆይ" አሉ አባባ ሽመክት። "ጫኔ፣ የከርሞውን ጥቅምት አንብብልኝ።"

ጫኔ ደብተሩን ገለጠ። በአዲስ ገጽ ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፎታል። "ጥቅምት፣ አቶ ሽመክት" ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ።

"እኔስ?" አለች በዛብሽ። "እኔ ተሰረዝኩ ማለት ነው? የኔ ተራ መቼ ነው የሚመጣው?"

ሳቅ የነበረበት ግቢ ጭጭ አለ። የልጅ ተራ መቼ እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። እሷም ከአፏ ካወጣችው በኋላ ነው የገባት፤ ደነገጠች።

አባባ ሽመክት ግን አልደነገጡም። "አንቺማ ጠብቂ!" አሏት።

በዛብሽ ተነስታ ሄደች፣ መሬቱ ላይ ተንበርክካ ቀኝ ጉልበታቸውን ሳመች፣ እዚያው ፊቷን ቀበረች።

"እጠብቃለሁ፣ አባዬ" አለች። "ተራዬን ያርቅልኝ።"

አሥራ ሁለቱም፣ ቄሱም፣ ኛላምም አሜን አሉ።